የኮምፒውተራችንን በር የሚከፍተው ማን ነው?

ስለ ኮምፒውተር ደህንነት ወሬ ሲነሳ «እኔ ምን አለኝና ነው ሃከር የሚመጣብኝ? ባለሥልጣን አይደለሁ፣ ባንክ አይደለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ እውነት ይመስላል። ችግሩ ሃከሩ እናንተን መርጦ የሚመጣ መስሎ መታየቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለ ፕሮግራም ሠሩ። የተለመደው ዓይነት የኢንተርኔት አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ዚማፕ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ፈጣን መስመር ብቻ እነዚህን አድራሻዎች በሙሉ አንድ በአንድ እያንኳኳ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። እነሱ የሠሩት ለጥናት ነው። ተመሳሳይ መሣሪያ ግን ሌባም እጅ ውስጥ አለ። ቀን የለ፣ ሌሊት የለ፣ ሲያንኳኳ ያድራል። ከተከፈተለት ገብቶ ያያል። የማን ቤት እንደሆነ የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነው።

ገብቶስ ምን ያገኛል? ስካን ተደርጎ የተቀመጠ ፓስፖርት፣ ሳይዘጋ የተተወ ኢሜይል፣ ብዙ ተከታይ ያለው የፌስቡክ ገጽ፣ የቴሌግራም አካውንት። የሠርግ ፎቶዎቻችሁን ቆልፎ ገንዘብ ሊጠይቅም ይችላል። ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ ማሽኑ ራሱ ይጠቅመዋል። በእናንተ መስመር ሌላ ሰው ያጠቃበታል።

መግቢያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከውጭ አንኳኩቶ የሚገባበት ነው። ሌላው ደግሞ እኛው ከውስጥ የምንከፍትለት። ብዙ ሰው የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው። ዛሬ የበለጠ የሚያስጨንቀው ግን ሁለተኛው ነው።

ከውጭ የሚያንኳኳው

ኮምፒውተር ላይ አንዳንድ ፕሮግራሞች ከውጭ ጥሪ እየጠበቁ ይቀመጣሉ። ፋይል ለሌላ ኮምፒውተር የሚያጋራ አለ። ከሩቅ ሆኖ ስክሪኑን ለመቆጣጠር የሚያገለግል አለ። እያንዳንዳቸው ፖርት የሚባል፣ ቁጥር የተሰጠው መግቢያ አላቸው። የዊንዶውስ ፋይል ማጋሪያ 445 ላይ ነው፣ የርቀት መቆጣጠሪያው 3389 ላይ። መግቢያ መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ጥሪውን የሚቀበለው ፕሮግራም ቀዳዳ ሲኖርበት ወይም ፓስወርዱ 123456 ሲሆን ነው።

በኦገስት 2003 ብላስተር የተባለ ቫይረስ ወጣ። ማንም ሰው ምንም ነገር መክፈት አላስፈለገውም። አፕዴት ያልተደረገ ዊንዶውስ ኤክስፒን ከኢንተርኔት ማገናኘት ብቻውን ይበቃ ነበር። ወዲያው «ኮምፒውተሩ በ60 ሰከንድ ውስጥ ይዘጋል» የሚል ሳጥን ብቅ ይልና ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። የሚገርመው ኤክስፒ ፋየርዎል፣ ማለትም ከውጭ ሳይጠራ የሚመጣውን የሚያግድ ፕሮግራም፣ ነበረው። ከፋብሪካ ሲወጣ ግን ጠፍቶ ነበር የሚመጣው። ማይክሮሶፍት ፋየርዎሉን ከመነሻው በርቶ እንዲመጣ ያደረገው በዓመቱ፣ በኦገስት 2004 ነው። ዛሬ የምትጠቀሙበት ዊንዶውስ ላይ ፋየርዎሉ በርቶ የሚመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እንዳታጠፉት። ጌም አላስኬድ አለኝ ብሎ የሚያጠፋ ሰው አለ፣ መልሶ ማብራቱን ግን አያስታውስም።

ከዚያ ደግሞ ዋናክራይ መጣ፣ ሜይ 12 ቀን 2017። ይኼኛው የገባው በ445 በኩል ነው። ፋይሎችን ቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቃል። ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች ተያዙ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕመምተኞችን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት የለቀቀው ማርች 14 ነበር። ሁለት ወር ሊሞላው ሲል ነው ጥቃቱ የመጣው። ከተያዙት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 ላይ የነበሩ፣ አፕዴቱ ተዘጋጅቶ እያለ ያልጫኑት ናቸው።

ስለዚህ አፕዴት ነው የመጀመሪያው ነገር። ከአንቲቫይረስም ይቀድማል።

እኛ ጋ አፕዴት የሚጠፋው በስንፍና ብቻ አይደለም። ጥቅል ይበላል። መቶ ብር የተከፈለበት ዳታ ጠዋት ላፕቶፑ ሲከፈት ሳይታወቅ ሲያልቅ ማንም ሰው ይናደዳል። ግን ጨርሶ ከማጥፋት የተሻለ መላ አለ። ማይክሮሶፍት የደህንነት አፕዴቱን የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። መስመሩን «ሚተርድ» አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ዊንዶውሱ እንደፈለገው አያወርድም። ከዚያ በዚያው ሳምንት አንድ ሌሊት በሌሊት ጥቅል፣ ወይም ቢሮ ባለው ዋይፋይ ራሳችሁ አውርዱት። ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ካለ ደግሞ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚል ሴቲንግ አለ። መስመሩ «ሚተርድ» ባልሆነበት ሰዓት አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ በቤቱ ዋይፋይ ይቀባበሉታል። አንድ ጊዜ ተከፍሎ ለሁሉም ይደርሳል ማለት ነው።

አሮጌ ዊንዶውስ ላይ ያላችሁስ? ዊንዶውስ 7 ከጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ጀምሮ፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ጀምሮ መደበኛ ድጋፋቸው ቆሟል። ለዊንዶውስ 10 ተመዝግቦ የደህንነት አፕዴቱን ለአንድ ዓመት፣ እስከ ኦክቶበር 2026፣ የማስቀጠል ዕድል ተሰጥቶ ነበር። ዊንዶውስ 11 የማይቀበል ላፕቶፕ ካላችሁ ምዝገባው አሁንም ክፍት መሆኑን አይታችሁ ተመዝገቡ። ወይም በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነፃ ሲስተም ጫኑበት፤ ለድሮ ማሽን ቀላል ነው፣ አፕዴቱም አይቋረጥም። ዊንዶውስ 7 ላይ የባንክ ሥራ የሚሠራ ሰው ካለ ግን እባካችሁ ዛሬውኑ ይተው።

ራውተሩ

ራውተር፣ ቤት ውስጥ ዋይፋይ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ሳይታሰብለት ጥሩ መከላከያ ሆኗል። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ስልኩም ላፕቶፑም ቴሌቪዥኑም፣ ለውጭው ዓለም በአንድ አድራሻ ነው የሚታየው። ውስጥ ያላችሁ አድራሻ ብዙ ጊዜ 192.168 ብሎ የሚጀምር ነው፤ ከውጭ በቀጥታ አይደረስበትም። ራውተሩ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው። እናንተ ከውስጥ የጠራችሁትን ያስገባል። ሳይጠራ የመጣውን «ማንን ፈልገው ነው?» ይልና ይመልሳል።

ታዲያ ዘበኛው ራሱ ቢደለልስ? በ2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ ያደረገው ይህንን ነው። ራውተሮችን፣ የደህንነት ካሜራዎችንና መቅጃዎቻቸውን እየፈለገ 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ ስሞችንና ፓስወርዶችን ይሞክራል። አድሚን አድሚን፣ ሩት 12345፣ እንዲህ ያለ ነገር። በዚያ ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎችን ሰበሰበ። ኦክቶበር 21 ቀን 2016 በእነዚህ ዕቃዎች ዲን የተባለውን፣ የድረ ገጾችን ስም ወደ ኢንተርኔት አድራሻቸው የሚመራ ኩባንያ ሲመቱት ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ድረ ገጾች ለብዙ ተጠቃሚዎች ለሰዓታት አልከፈት አሉ። ካሜራ ነው ኢንተርኔት ያቆመው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሠርተው ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆነው በስልካቸው ግቢያቸውን የሚያዩ ብዙ ናቸው። ካሜራውን የገጠመው ባለሙያ ከውጭ እንዲታይ ብሎ ራውተሩ ላይ ፖርት ከፍቶ፣ የፋብሪካውን ፓስወርድ እንዳለ ትቶት ሊሄድ ይችላል። ግቢውን ለመጠበቅ የተገዛው ካሜራ ለማንም የሚታይ ይሆናል። ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ፓስወርዱን ቀይረኸዋል? ራውተሩ ላይ የከፈትከው ነገር አለ?

ራውተሩን ራሳችሁ ለማየት ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ ግቡ። አድራሻው ከዚህ ከተለየ ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር እዚህ ጋ አለ። የዋይፋዩ ፓስወርድና የራውተሩ ፓስወርድ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያውን ቀይሮ ሁለተኛውን እንደነበረ የሚተው ብዙ ነው። ሁለቱንም ቀይሩ። ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማስተዳደር የሚፈቅደውን ዝጉ። ዩ.ፒ.ኤን.ፒ የሚባለውም ይዘጋ፤ ፕሮግራሞች እናንተን ሳይጠይቁ ራውተሩ ላይ በር እንዲከፍቱ የሚፈቅድ ነገር ነው። አንዳንድ ጌም ሊያስቸግር ይችላል፣ ያኔ አስቡበት።

ደብሊው.ፒ.ኤስ የሚባለውን ደግሞ ያለ ማመንታት አጥፉት። በስምንት አሃዝ ቁጥር ዋይፋይ ውስጥ የሚያስገባ ዘዴ ነው። ስምንት አሃዝ ሲባል መቶ ሚሊዮን አማራጭ ያለ ይመስላል። በዲሴምበር 2011 የወጣ ጥናት ግን አንድ ነገር አሳየ። ራውተሩ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያረጋግጠው፦ መጀመሪያ አራቱን፣ ቀጥሎ የቀሩትን። የመጨረሻዋ አሃዝ ደግሞ ከሌሎቹ ተሰልታ የምትገኝ ናት። ስለዚህ 10 ሺህ ሲደመር አንድ ሺህ፣ በጠቅላላው 11 ሺህ ሙከራ ይበቃል። ራውተሩ ሙከራውን ካላገደ ጎረቤት ያለ ጎረምሳ በሰዓታት ውስጥ ይጨርሰዋል። ፓስወርዳችሁ የቱንም ያህል ረጅም ቢሆን እዚህ ጋ አያድናችሁም።

ካፌና ሆቴል ዋይፋይ ላይ ስትገቡ ዘበኛው የእናንተ አይደለም። ዊንዶውስ ለምትገናኙበት ዋይፋይ «ፐብሊክ» እና «ፕራይቬት» የሚል ምርጫ አለው። ከቤታችሁ ውጭ ሁልጊዜ ፐብሊክ በሉት። አብሯችሁ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ላፕቶፕ የእናንተን እንዳያይ የሚያደርገው ያ ምርጫ ነው።

ከውስጥ የምንከፍተው

ዘበኛው የተጠራ እንግዳ ቦርሳ አይፈትሽም። ፋየርዎልም ከመነሻው የሚያግደው ከውጭ ወደ ውስጥ የሚመጣውን ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚደውለውን በአብዛኛው ያሳልፋል፣ አለዚያ ዩቲዩብም አይከፈትም። ስለዚህ አንድ ክፉ ፕሮግራም በእናንተ እጅ ከተከፈተ ራሱ ወደ ጌታው ይደውላል።

ለዚህ የሚጠቀስ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለ። ከሳሹ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነው። ፍርድ ቤቱ ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም እንዲከስ ፈቀደለት። ክሱ እንደሚለው በኢሜይል የመጣ አንድ የወርድ ሰነድ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ጫነ። ከ2012 መጨረሻ እስከ 2013 መጀመሪያ ለወራት የስካይፕ ጥሪ ሲቀዳ፣ ኢሜይል ሲገለብጥ ቆየ። ለልጅ የቤት ሥራ የተደረገ ፍለጋ እንኳ አልቀረም። መረጃው ይሄድ የነበረው ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር እንደሆነ ክሱ ያስረዳል። በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በማርች 2017 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ከመነሻው እስከ መድረሻው አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም በሚል ምክንያት ክሱን አልቀበልም አለ። ስለላው ተደርጓል ወይስ አልተደረገም ወደሚለው አልገባም።

ፖለቲካውን ለጊዜው እንተወው። ቴክኒኩ ላይ ብቻ እንቆይ። ማንም ራውተር አልሰበረም፣ ማንም ፖርት አላንኳኳም። ሰነድ ነው የተከፈተው። በዚያው በ2017 መጨረሻ ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም ባወጣው ጥናት ደግሞ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አክቲቪስቶች «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽን አፕዴት አድርጉ» የሚሉ ሊንኮች ይላኩላቸው እንደነበር አሳየ። ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ ቆሟል። ዛሬ ፍላሽ አፕዴት አድርግ የሚል ገጽ ካያችሁ በቀጥታ ሌባ ነው ብላችሁ ዝጉት።

እንዲህ ያለው ስለላ ለጥቂት ሰው ነው የሚመጣው። ለአብዛኞቻችን ትልቁ መግቢያ ክራክ ነው፤ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያስከፍት ቅጂ ማለት ነው። ፎቶሾፕ ክራክ፣ ኦፊስ ክራክ፣ የዊንዶውስ ማስከፈቻ። መመሪያው ላይ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ሰውም እሺ ብሎ ያጠፋል። አንድ የማይታወቅ ሰው ጥበቃችሁን አስወጥታችሁ እንድታስገቡት ሲጠይቅ እሺ ማለት ነው እኮ። ዋጋው ከደመወዛችን ጋር እንደማይመጣጠን አውቃለሁ። ሰው ወዶ አይደለም ክራክ የሚጭነው። ግን ለጽሑፍ ሥራ ሊብሬኦፊስ በነፃ አለ፣ ለፎቶ ጂምፕ አለ፣ ለቪዲዮ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ቅጂ ከብዙ ክራክ ይሻላል። አንቲቫይረስ ደግሞ ከዊንዶውሱ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ለቤት ይበቃል። ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ የሚጭን ሰው አይቻለሁ፤ ስለ እሱ ምን ይባላል?

ከክራክ ጋር የሚመጡት ሌባ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩን አያዘገዩም፣ ምልክትም አያሳዩም። በደቂቃዎች ውስጥ ብሮውዘሩ ያስቀመጣቸውን ፓስወርዶች ሰብስበው ይልካሉ። ከፓስወርዱ የባሰ ነገርም ይወስዳሉ። አንዴ ገብታችሁ እንድትቆዩ የሚያደርገውን ኩኪ። በዚያ ኩኪ ሌባው ፓስወርድም ሆነ በስልክ የሚመጣውን ኮድ ሳይጠየቅ በእናንተ ስም ይገባል። ቴሌግራምም እንደዚሁ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ቴሌግራም የመግቢያ መረጃውን አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ያ ፎልደር ከተቀዳ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አካውንታችሁ ይከፈታል። ኮድ አይመጣላችሁም። መላው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የኮምፒውተሩን ቴሌግራም በራሱ ፓስኮድ መቆለፍ ነው። ያኔ ፎልደሩ ያለ ፓስኮዱ አይከፈትም። «ዲቫይስስ» የሚለውን ደግሞ አልፎ አልፎ እዩት። የማታውቁት ማሽን እዚያ ተቀምጦ ልታገኙ ትችላላችሁ።

በስልክ የሚመጣም አለ። «ከማይክሮሶፍት ነው፣ ኮምፒውተርዎ ተበክሏል» ብሎ ደውሎ እንደ ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር ያለ የርቀት መቆጣጠሪያ የሚያስጭን። ፕሮግራሞቹ ሕጋዊ ናቸው፣ አንቲቫይረስም አይጮህባቸውም። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ እናትና አባቶቻችን ላይ ይበረታል፤ በትህትና የሚያናግር ሰው ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ይመስላቸዋል። ማይክሮሶፍት ሳይጠየቅ ማንም ቤት አይደውልም በሏቸው።

የዕለት ተዕለት ሥራችሁን በአድሚን፣ ማለትም ሁሉን ማድረግ በሚፈቀድለት አካውንት አትሥሩ። «ስታንዳርድ» የሚባል ሌላ አካውንት ክፈቱና በእሱ ተጠቀሙ። አንድ ነገር ሊጫን ሲል ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ያቺ ጥያቄ ታስቆማችኋለች። ለልጆች ደግሞ ግዴታ ነው።

ፓስወርድን በተመለከተ ዋናው ነገር አንዱን ለሁሉም አለማድረግ ነው። ሊንክድኢን በ2012 ተሰብሮ ነበር። በ2016 የ117 ሚሊዮን ሰው ኢሜይልና ፓስወርድ ለሽያጭ ቀረበ። ሌባ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲያገኝ ሊንክድኢን ላይ ብቻ አይደለም የሚሞክረው፤ ጂሜይልም ፌስቡክም ላይ ይሞክራል። ለማስታወስ የሚያስቸግር ከሆነ ፓስወርድ ማኔጀር ተጠቀሙ። ያ ካልሆነላችሁ ደብተር ላይ ጻፉት። ባለሙያዎች ይስቁ ይሆናል፣ እኔ ግን አልስማማም። በኢንተርኔት የሚመጣ ሌባ መሳቢያችሁ ውስጥ እጁን አይከትም። ኢሜይላችሁ ላይ ግን ሁለተኛ ማረጋገጫ አብሩ፣ የሌላው ሁሉ ፓስወርድ የሚቀየረው በኢሜይል ነውና።

የማይተካ ፎቶና ሰነድ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ይኑር። ዲስኩ እንደተሰካ ከቆየ ጥቅም የለውም፤ ፋይል የሚቆልፈው ቫይረስ የተሰካውንም ዲስክ አብሮ ይቆልፋል። ገልብጡ፣ ንቀሉ።

አንድ ሰው ገብቶብኛል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፉ። ፓስወርድ ለመቀየር አትቸኩሉ፤ በዚያው ኮምፒውተር ከቀየራችሁ አዲሱንም ያየዋል። በስልካችሁ ወይም በሌላ ንጹሕ ማሽን ቀይሩ፣ ኢሜይሉን አስቀድሙ። «ከሁሉም ዲቫይስ አስወጣ» የሚለውን መጫን አትርሱ፣ የተሰረቀውን ኩኪ ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው እሱ ነው። ባንካችሁን ደውላችሁ አሳውቁ። አገር ቤት ከሆናችሁ ያለ ፈቃድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ለፖሊስ ለማመልከት ካሰባችሁ ማሽኑን ከማጽዳታችሁ በፊት ይሁን፣ ማስረጃው እዚያ ነው ያለው።

ከዚያ ዊንዶውሱን ከዜሮ ጫኑት። ስካን አድርጎ ማጽዳት ይቻላል፣ ግን የቀረ ነገር አለ የለም ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ፎቶዎቻችሁንና ጽሑፎቻችሁን ከባክአፑ መልሱ። የፕሮግራም መጫኛዎቹን ግን አትመልሱ፤ እያንዳንዱን ከሠሪው ድረ ገጽ እንደ አዲስ አውርዱ። ያ «ሶፍትዌር» የሚል ስም የሰጣችሁት የድሮ ፎልደር፣ ክራኮቹ ሁሉ የተጠራቀሙበት፣ ሙሉ በሙሉ ይሰረዝ።